በቆሎው የት ገባ?

ይህ ታኅሣሥ ላይ ጅማ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከታዳሚው ግማሹ ተማሪ ነበር። የቀረው ገበሬ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ሁለት ሦስት ቡና ነጋዴ። ስናገር የተደነቃቀፍኩትን አቃንቻለሁ። ጣልቃ የገቡብኝን ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አሰላሙ ዐለይኩም። አካም ጅርቱ። እንደምን ዋላችሁ።

ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ላስጀምር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የማርማላታ ጠርሙስ ይታያችኋል። ታጥበው በደንብ ደርቀዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሲሶ ያህል በቆሎ አለ። የመጀመሪያውን ዛሬ ጠዋት ከገበያ ገዛሁት። ሁለተኛውን ሰርቦ አካባቢ ያለ ወዳጄ ከጎምቢሳው፣ ማለት ከበቆሎ ጎተራው፣ ዘግኖ ሰጠኝ። ሦስተኛው ከራሴ ቤት ነው፤ ኩሽና ጥግ ከቆመው ማዳበሪያ። ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ያልቅና ስሙን ለጆንያው አውርሶ ይቀራል። በዚህ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስቄ አውቃለሁ።

አሁን በየጠርሙሱ ሦስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው እጨምራለሁ። ጨዉን ትናንት ማታ ምጣድ ላይ አድርቄዋለሁ። ክዳኑን ግጥም ማድረግ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ መወዝወዝ። እናንተ ከፊት ያላችሁ ልጆች፣ ኑ ወዝውዙልኝ፤ የእኔ ክንድ አርጅቷል። በቃ፣ አስቀምጡት። 15 ደቂቃ ይቆይ። ሰዓት የምትይዝልኝ ማን ናት? ጎበዝ።

እስከዚያው እናውራ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ በሙከራ ማሳ ውስጥ ኖሬያለሁ። በነዚህ ዓመታት ከማንኛውም ጥያቄ በላይ የተጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። «ስንት ኩንታል?» ለሪፖርት ስንት ኩንታል፣ ለስብሰባ ስንት ኩንታል፣ ለጉብኝት የመጣ እንግዳም ከመኪናው ሳይወርድ ስንት ኩንታል። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ስለ አንድ የበቆሎ ዝርያ ላስረዳ ሄድኩ። የዱቄቱ ምግብነት ከሌላው ይሻላል፣ ለልጆች ይጠቅማል እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሲጨርሱ «በሄክታር ስንት ኩንታል?» አሉ። «ከሌላው እኩል ነው» አልኳቸው። ፋይሉን ዘጉት። ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ምናልባት እዘጋው ነበር። ያደግነው በዚህ ነዋ።

ዛሬ ስለ ኩንታሉ አላወራም። ኩንታሉ ከተቆጠረ በኋላ በቆሎው የት እንደሚገባ ነው የማወራው።

በአገራችን ከ2000 ወዲህ በቆሎ ከሄክታር የሚሰጠው ምርት ከእጥፍ በላይ አድጓል። ይህ የገበሬው፣ የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የተመራማሪው ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። የሕፃናት መቀንጨርም ቀንሷል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች በ2000 የቀነጨሩት 58 ከመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 38 ወረደ። ከዚያ በ2019 ሲለካ 37። አያችሁት? መጀመሪያ በሩጫ ወረደ፣ ከዚያ እግሩን ጎተተ። እኔ በዓይኔ ጎምቢሳው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ልጁ ግን የሦስት ዓመት ሆኖ የሁለት የሚመስልበት ቤት ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ።

መቀንጨር የሚለውን ቃል እስቲ ልብ በሉት። ማሽላ የሚያጠፋውን ጥገኛ አረም ምን እንለዋለን? አቀንጭራ። አንድ ሥር ነው ያላቸው። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ይይዝና ከመሬት በታች ይመጠዋል። ማሽላው ሳይሞት ይቆማል፣ ግን አያድግም። ገበሬው መጀመሪያ ላይ ምን እንደነካው አያውቅም፤ አረሙ ብቅ የሚለው ጉዳቱን አድርሶ ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። አልራበውም፣ ሆዱ ሞልቷል፣ ግን ከሥር የሚመጠው ነገር አለ።

አቀንጭራን ካነሣሁ አይቀር፣ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልንገራቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰደው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እዚሁ ጅማ የተማረ ሰው ነው። ያኔ የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ይባል ነበር፤ በ1952 የተከፈተ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጅ ነው። ገቢሳ ልጅ እያለ፣ ጅማ ሳይመጣ፣ ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እሑድ ሄዶ ዓርብ ነበር የሚመለሰው። እናንተ ደግሞ ከቆጪ እዚህ ድረስ ባጃጅ ጠፋ ብላችሁ ታረፍዳላችሁ።

ሌላም የጅማ ታሪክ አለ። ሜልኮ ያለው የምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1967 ነው። በአራት ዓመቱ፣ በ1971፣ የቡናን እሸት ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ አገሪቱ ውስጥ ታየ። አባቶቻችን ያን ጊዜ ያስታውሱታል። ተመራማሪዎቹ ጫካ ገቡ። በሽታው ሁሉን ሲያጠቃ ደህና ሆኖ የቆመ ዛፍ እየፈለጉ፣ ከሥሩ ፍሬ ለቀሙ። የለቀሙበትን ዓመት በቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ጻፉበት። ሰባ አራት መቶ አስር፣ ሰባ አራት መቶ አሥራ ሁለት የምትሉት ቡና 74 ያለው በ1974 ስለተመረጠ ነው። ዛሬ 74110 እና 74112 ውጭ አገር በቡና ፓኬት ላይ ተጽፎ ይሸጣል።

ይህን የማነሣው ለመኩራት ብቻ አይደለም። ቡና ሲታመም እንዴት እንደተሮጠ እዩልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ጫካ ተገብቶ መልስ ተገኘ። ቡና ብር ነዋ። የቀነጨረ ልጅ ገበያ አይወጣም፣ ዋጋው አይወርድም፣ ስለዚህ ማንም ጫካ አይገባለትም። ይህ የኔ አስተያየት ነው። የማይስማማ ካለ ኋላ ይሞግተኝ።

ወደ በቆሎው ልመለስ። በቆሎ ፕሮቲን የለውም የሚል ሰው ትሰማላችሁ። አለው፤ ከ100 እጅ 9 ወይም 10 ያህል። ችግሩ ሌላ ነው። የጅማን በርጩማ አስቡ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። ጠራቢው ሁለቱን እግር ረጅም አድርጎ አንዱን ቢያሳጥረው ምን ይሆናል? አትቀመጡበትም። የረዘሙት እግሮች መርዘማቸው ምንም አይጠቅምም። ከአጭሩ እኩል ካልተቆረጡ በርጩማ አይሆንም። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲድ የሚባሉ ነገሮች እንዲሁ ናቸው። በቆሎ ላይ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት አጭር ናቸው። ሰውነት በአጭሩ ልክ ይሠራና ትርፉን እንደ ማገዶ ያነደዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው መጥፊያ እዚህ ነው። ልጁ በልቶታል፣ ግን ሥጋ አልሆነውም።

በ1963 አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ በሚባል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ደብዘዝ ያለ ፍሬ ያለው በቆሎ አገኙ። ፍሬው ለብርሃን ሲያዝ አያሳልፍም፣ ጠመኔ ይመስላል። ሲመረመር ላይሲኑ ከተራው በቆሎ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ዓለም ጨፈረ። ከዚያ ተዘርቶ ሲታይ ምርቱ ያንሳል፣ ፍሬው ለስላሳ ነው፣ ነቀዝ ደግሞ እንደ ዳቦ ይበላዋል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ሜክሲኮ ያሉ ሁለት ሰዎች ግን አልተዉትም። ሱሪንደር ቫሳል የተባለ ሕንዳዊ አዳቃይና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ የተባለች ሜክሲኳዊት ኬሚስት። እሱ ያዳቅላል፣ እሷ በላቦራቶሪ ትለካለች። ዓመታት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ፍሬው ጠንካራ፣ ላይሲኑም ያልጠፋ በቆሎ አወጡ። በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። እኛም ጋ በ2001 ባኮ ከሚገኘው የበቆሎ ምርምር ቢኤችኪውፒ 542 የተባለው ዝርያ ተለቀቀ። ሌሎችም ተከተሉ።

ታዲያ ለምንድነው ጅማ ገበያ ወጥታችሁ «ፕሮቲኑ የተሻሻለ በቆሎ ስጡኝ» የማትሉት? አንደኛ ነገር፣ በዓይን አይለይም። የድሮው ደብዛዛው ይለይ ነበር፤ ጠንካራ ሲደረግ መልኩ ከሌላው ጋር አንድ ሆነ። ነጋዴው እንዴት ለይቶ የተሻለ ዋጋ ይክፈል? ዋጋ ካልጨመረ ገበሬው ለምን ይድከም? ሁለተኛው ነገር ደግሞ ተመራማሪውንም ገበሬውንም የሚያናድድ ነው። ይህ ጠባይ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። በቆሎ ደግሞ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። እኔ የተሻሻለውን ብዘራና ጎረቤቴ ተራውን ቢዘራ፣ የሱ አበባ ዱቄት በነፋስ ተንኖ የኔን ቆረቆንዳ ያገኘዋል። ያ ፍሬ ላይሲኑ ወረደ ማለት ነው። ግማሽ ጥማድ መሬት ያለው ሰው ከጎረቤቱ ምን ያህል ይራቅ? አዝመራው እኮ ድንበር ለድንበር ነው።

በዚህ በቆሎ ብዙ ደክሜበታለሁ፤ እወደዋለሁም። ግን እውነቱን ልናገር፦ ለአነስተኛ ማሳ ቦሎቄ ይሻላል ወደሚለው አዘንብያለሁ። ቦሎቄ ላይሲን ሞልቶታል። እሱ ደግሞ የሚያንሰው ሜቲዮኒን ነው፣ ያንን በቆሎ አለው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በርጩማው ይስተካከላል። እናቶቻችን በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ንፍሮ ሲቀቅሉ ስለ ላይሲን አስበው አልነበረም፤ ስለሚጣፍጥ ነው። ቢሆንም ልኩን አግኝተውታል።

ቦሎቄ ለመሬቱም ነው። አበባ ሲያወጣ አንዷን ተክል ቀስ ብላችሁ ከነሥሯ ንቀሉ። ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ታያላችሁ። አንዷን በጥፍራችሁ ክፈቷት። ውስጧ ቀላ ካለ እየሠራች ነው፤ ውስጧ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ ይሰጣሉ። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነች ሥራ ፈታለች። ያ ቅላት ምን መሰላችሁ? በደማችን ውስጥ ያለው ቀለም ዘመድ ነው፣ ብረት ያለበት። ሰው ላይ ኦክስጅን ይሸከማል፣ ቦሎቄ ሥር ላይ ደግሞ ኦክስጅን ባክቴሪያዎቹን እንዳያውክ ይይዝላቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር።

«ጋሼ፣ 15 ደቂቃ ሞላ!»

እሺ፣ አመሰግናለሁ። ጠርሙሶቹን አምጡልኝ። ከኋላ ያላችሁ አይታያችሁም፣ አንዱ ልጅ ይዞ ይዙርላችሁ። የገበያውን እዩት። ጨዉ መስተዋቱ ላይ ተለጥፏል። ብገለብጠውም አይወርድም። የሰርቦው ወዳጄ? ጨዉ ታች ወርዶ ተቀምጧል፣ መስተዋቱ ንጹሕ ነው። ሦስተኛው፣ የኔ... ሳቁ፣ ሳቁ። ተለጥፏል። አዎ፣ ከገበያው ይብሳል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ነገር ኩሽናዬ ውስጥ አበላሽቼዋለሁ።

ጨው ከተለጠፈ የበቆሎው እርጥበት ከ15 ከመቶ በላይ ነው ማለት ነው። ለማስቀመጥ ደግሞ 13 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ጅማ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ኅዳርም ላይ ደመናው አይለቅም። በቆሎው ደረቀ ብለን እናስባለን፣ ልጣጩ ደርቆ ልቡ እርጥብ ይሆናል። በጥርስ ሰብሮ መሞከርም ልምድ ይፈልጋል። ጨውና ጠርሙስ ግን አያዳላም።

እርጥብ በቆሎ ውስጥ ሁለት ጠላት ይገባል። አንዱን ታውቁታላችሁ፣ ነቀዝ። ሴቷ ፍሬውን በስታ አንድ እንቁላል ታስቀምጥና ቀዳዳውን በራሷ ልጋግ ትደፍነዋለች። ትሉ ውስጥ ሆኖ ልቡን ይበላል። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ ነቀዝ አየሁ ስትሉ፣ እሱ ከወር በፊት ነው ቤታችሁ የገባው። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፣ እሱ ይብሳል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። ቀቀልኩት፣ ቆላሁት ብላችሁ አትጽናኑ፤ እሳት አያጠፋውም። የሻገተውንና የተሰባበረውን እየለቀሙ መጣል ግን ብዙውን ይቀንሳል። የተለቀመውን ለዶሮ አትስጡ። ዶሮዋም ጉበት አላት።

ለነቀዝ የሚሆን ጆንያ አለ። ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥ፣ ከውጭ የተለመደው ጆንያ። አየር አያስገባም፣ ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ይህም ከፐርዱ የወጣ ነው። (ፐርዱ ዛሬ ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ገቢሳ እጄታም የሚያስተምረው እዚያ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩ ይመስላል።) ግን እርጥብ በቆሎ ከከተታችሁበት ያሻግትላችኋል። መጀመሪያ ማድረቅ፣ በጨው መፈተሽ፣ ከዚያ ማሰር። ደግሞ እባካችሁ፣ ያንን የነቀዝ ኪኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አታድርጉ። ጋዙ ነቀዝንና ሰውን አይለይም።

ስለ መሬቱ ባጭሩ ልናገር፤ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሆን። ይህ የምናየው ቀይ አፈር ዝናብ ብዙ ስለሚያጥበው አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን ይይዝና አይለቅም። ማዳበሪያ ገዝታችሁ ስትበትኑ ከፊሉ ለበቆሎው ሳይሆን ለአፈሩ ነው የገዛችሁት። ኖራ ይህንን ያቃልላል፣ ግን ለሄክታር በቶን ነው የሚፈለገው። ኖራውን ከሩቅ በመኪና ማምጣት ደግሞ ወጪው ሌላ ነው። በአንጻሩ ከበራችን የሚፈስ ሀብት አለን። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ቡና የሚወጣው የተጣራ ቡና አንድ ኪሎ ነው። የቀረውስ? ልጣጩና ውሃው ብዙ ጊዜ ወንዝ ይገባል። ዓሣው ሞተ፣ ከብቱ አልጠጣም አለ እንላለን። ያው ልጣጭ ከእበትና ከቅጠል ጋር ተቆልሎ፣ እየተገላበጠ ቢበሰብስ ኮምፖስት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ከቄራ የሚጣል አጥንት አክስለው ፎስፈረስ ለማግኘት ሠርተዋል። ይህ ዓይነቱ ምርምር ያስደስተኛል። ዶላር አይፈልግም፣ የሚፈልገው አፍንጫ የሚይዝ ሰው ነው።

አፈሩ እንዳይሄድ ደግሞ ቬቲቨር ሣርን እዚሁ አካባቢ ያውቁታል። በ1970ዎቹ በሜልኮ በኩል ነው አገር የገባው፣ ለቡና ጉዝጓዝ ተብሎ። ሥሩ ሦስት ሜትር ይወርዳል። ተዳፋት ላይ በመስመር ቢተከል አፈር ይይዛል። ካልያዝነው ግልገል ጊቤ ግድብ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ኩሽና።

እናቶች፣ ለስድስት ወር ሕፃን ገንፎ ስትሠሩ ከባድ ይሆንና ልጁ አይውጠውም። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ውሃ። ቀጠነ፣ ልጁ ዋጠው፣ ሆዱ ሞላ። የሞላው ግን በውሃ ነው። የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ናት። እዚህ ጋ ብቅል ይግባ። ከበቆሎ ወይም ከገብስ የበቀለ፣ ደርቆ የተፈጨ። ገንፎውን ወፍራም አድርጋችሁ ሥሩ። ከእሳት አውርዱና ትንሽ ይብረድ። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ማንኪያ ይቆምበት የነበረው ገንፎ እንደ አጥሚት ይፈስሳል። ምንም ውሃ አልተጨመረም! በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን እየቆራረጠ ነው። ከዚያ አንዴ መልሳችሁ አፍሉት፣ ለንጽሕናው። ይህን ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ባውቅ ምን ነበረበት።

ማብቀልና ማቡካት ሌላም ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ብረትና ዚንክን ጥፍር አድርጎ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሲቦካና ሲበቅል ይቀንሳል። በ2016 በተደረገው የጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች 57 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ሁሉም ከምግብ ነው አልልም፤ ወባው አለ፣ የአንጀት ትላትሉ አለ። ግን ምግቡም አለበት።

አሁን የምናገረው በዚህ ከተማ ድንጋይ ሊያስወረውርብኝ ይችላል። በሩ ወዴት ነው? እሺ።

ቡና።

በ1983 የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ሰዎች ምግብ በልተው ቡና ሲጠጡ፣ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባው ብረት በ39 ከመቶ ቀነሰ። በሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰዓቱን ለዋወጡት። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት ቆይቶ በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደጠጡት ቀነሰ። አያችሁ፣ እኛ ምሳ በልተን፣ እጅ ታጥበን፣ ቡናው እስኪቆላና እስኪፈላ አንድ ሰዓት ይሆናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ልክ በክፉው ሰዓት ላይ ነው የምንወድቀው።

አትጠጡ አላልኩም። እኔም እጠጣለሁ፣ ዛሬ ሁለተኛዬ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ደም ያነሳት ሴት ግን ቡናውን ከምግብ በፊት ብታደርገው፣ ወይም ከምግቡ ብታርቀው ምን አለበት? ንፍሮው ላይም ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ጣል ማድረግ ብረቱን ይረዳዋል። ለሕፃን ቡና የሚያቀምስ ካለ እሱን ግን ይተው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል።

መጀመሪያ የተነሡት ከፊት የተቀመጡ አባት ነበሩ። «የኔ ልጅ፣ ቡናውን ከምግብ በፊት ማለትህን ሰማሁ። ይህን ለባለቤቴ አንተው ንገራት። እኔ ብናገር ቡና ልታስቀርብኝ ነው ትላለች» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ባለቤታቸውም እዚያው ነበሩ።

አንድ ተማሪ ፕሮቲኑ የተሻሻለ በቆሎ ለምን በክላስተር አይዘራም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ፣ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲሠራ ያየሁበት ቦታም አለ፤ ግን ከመካከላቸው አንዱ ዘር ሳያገኝ ቀርቶ ተራውን ከዘራ ያው ነው።

ከዚያ ከማና የመጣች ልጅ ያዘለች ሴት ተነሣች። ድምፅ ማጉያውን አልወሰደችም።

«ጋሼ፣ እኔ ቦሎቄ ሁሌም እጨምራለሁ። ልጁ ነው ቦሎቄውን እየመረጠ የሚተፋው።»

«አስፈጪውና ከዱቄቱ ጋር ቀላቅይዋ፣ እህቴ። ሁለት እጅ በቆሎ፣ አንድ እጅ ቦሎቄ። ቆላ አድርገሽ።»

«እሱን ሞክሬዋለሁ። ወፍጮ ቤት ሦስት ኪሎ አይቀበለኝም። ለዚህች ብዬ ሞተር አላስነሣም ይለኛል። ከሌላ ሰው ጋር ደርበህ ፍጭልኝ ስለው ደግሞ የነሱን ዱቄት ቦሎቄ አስነካሽብን ብለው ይጣሉኛል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ ስንት ጥናት አይቻለሁ። ሦስት ኪሎ የሚፈጭ ወፍጮ ግን አንድም ቀን አጀንዳችን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሳንለያይ ስልኳን ተቀበልኩ። የገበያውንና የኔን በቆሎ ደግሞ ተማሪዎቹ ከአዳራሹ ውጭ ላስቲክ ላይ አሰጡልኝ፤ ፀሐይ ወጥቶ ነበር።